የሚሰግደው መኪና

ደባርቅ ላይ የታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የድጓ መምህሩ የኔታ ባርናባስ ከኪዳን ሲመለሱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በጥድፊያ ነው የሚሄዱት። ከእነ ያርጋል በር ሲደርሱ ግን ቆም ይላሉ። ግቢው ውስጥ ያለው ጥቁር መኪና አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ያድራል፤ ያርጋል ወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሳው ደግሞ እያቃሰተ፣ ቀስ እያለ ከፊቱ ይነሳል።

«ይኸ መኪናህ ይሰግዳል እኮ» አሉት የኔታ የመጀመሪያው ቀን። «እኛ ጉልበታችን ዝሎ የቀነስነውን ስግደት እሱ ያዘልን።»

«ሲሠራም እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው፣ የኔታ።»

ውሸቱን ነበር። መኪናው እንደ ሌላው መኪና በብረት ሞላ ሳይሆን አየር በተሞሉ ከረጢቶች ላይ የሚቆም ነው። የፊተኞቹ ከረጢቶች አርጅተው ስለሚያፈሱ ሌሊቱን ሲተነፍሱ ያድራሉ። ያርጋል ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጀርመን አገር ዓመታት ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ነገር ግን የየኔታ ቀልድ ሰፈሩን ዞሮ መኪናው «ሰጋጁ» የሚል ስም ሲወጣለት፣ እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያለፈ መሰለው።

አገሩ ሲገባ ሐሳቡ ሌላ ነበር። ዳባት አጠገብ፣ በእናቱ ቀበሌ፣ ወፍጮ ሊተክል ነበር። ሴቶቹ እህል በጀርባቸው አዝለው ዳገት ሲወጡ አይቶ ያደገ ነው። ግን ገና አቧራውን ሳያራግፍ «ይህን ሁሉ ዘመን ውጭ ኖሮ ምን ይዞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ በየሄደበት ቀድሞት ጠበቀው። ምን ተማርህ ያለው የለም።

«የተማርከውንማ ማን ያየዋል?» አለው አጎቱ አለነ። «ሰው የሚያየው የተቀመጥክበትን ነው። አባቶቻችን በቅሎዋን የሚሸልሟት ለምን ይመስልሃል?»

ያርጋል አዲስ አበባ ሄዶ ለወፍጮው ከያዘው ገንዘብ ያገለገለ የቅንጦት መኪና ገዛ። ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሲረግጡት እንደ ንፋስ የሚበር፣ በዘመኑ ከበርቴ ብቻ የሚነዳው ነበር። ርካሽ አገኘሁ ብሎ ተደሰተ። መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። ዛሬ ዘይት ያፈስሳል፣ ነገ ውሃ ያፈላል፣ ከነገ ወዲያ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። እያንዳንዱ ዕቃ ከዱባይ በሰው እጅ እየተለመነ ነው የሚመጣው። ወፍጮው እንዲህ፣ በብሎንና በጎማ እየተሸረፈ፣ ሳይተከል አለቀ።

አንድ ጠዋት መኪናው ከስግደቱ አልነሳም አለ። የሚያፈሱትን ከረጢቶች ሲሞላ የከረመው ፓምፕ ተቃጥሎ ነበር።

«ሰጋጁ መነኮሰ» አለ ሰፈሩ።

ይህ የሆነው የእኅቱ የሕሊና ሰርግ ሲቃረብ ነው። ሙሽራው ምስክር የአዲ አርቃይ ልጅ ነው። አለነ ደግሞ ሙሽሪት በያርጋል መኪና እንደምትሄድ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ያርጋል መኪናውን በጭነት መኪና አስጭኖ ጎንደር፣ ደርቤ ወደሚባል መካኒክ ወሰደው።

ደርቤ መኪናውን አንስቶ ከሥሩ ሲያይ ቆየና ወጣ። «ፍሬንህም እኮ አልቋል። ሸራው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ዲስኩም ሳስቷል።»

«አውቃለሁ።»

«የትኛውን ልሥራልህ፣ ከረጢቱንና ፓምፑን ወይስ ፍሬኑን?»

የያርጋል አቅም ለአንዱ ብቻ ነበር። ደርቤ ጥቁር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቀው።

«አሁን ቀጥ ብሎ ይቁምልኝ» አለ ያርጋል። «ፍሬኑን ከሰርጉ በኋላ እመለስበታለሁ።»

«ሰርጉ የት ነው?»

«እዚያው እኛው ሰፈር።»

ይህም ውሸት ነበር። ከደባርቅ አዲ አርቃይ የሚወረደው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው።

የሰርጉ ዕለት መኪናው ታጥቦ፣ በአበባና በሪባን ተሸልሞ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። የኔታ ባርናባስ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ሰጋጁ ጾሙን ፈታ» ብለው ሰውን አሳቁት። ያርጋልም ለአንድ አፍታ ደረቱ ሞላ። እንደ ወጉ፣ እግሯ መሬት እንዳይነካ፣ ሚዜዎቹ ሕሊናን አቅፈው ከኋላ ወንበር አስቀመጧት። ምስክር ከጎኗ፣ አለነ ከፊት ተቀመጡ። ቪዲዮ ቀራጩ በፒክአፕ ከፊት፣ አጃቢው በሚኒባስ ከኋላ ሆኖ ጉዞው ተጀመረ።

ከተማው አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ።

«ያቺ ደግሞ ምን ትላለች?» አለ አለነ።

«ፍሬን ትላለች።»

«ይይዛል አይይዝም?»

«እስካሁን ይዟል።»

«እንግዲያ ዝም በላት።»

ሕሊና ከኋላ ጎንበስ አለች። «ያርጌ፣ በሚኒባሱ እንሂድ። አቁምልን።»

«ምን ስትይ? ከአባቷ ደጅ የወጣች ሙሽራ ካማቶቿ ቤት በፊት መሬት አትረግጥም» አለ አለነ።

«እኔ ቅር አይለኝም» አለ ምስክር።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ሙሽራ ዝም ነው የሚለው።»

ያርጋል በመስታወቱ የእኅቱን ዓይን አየ። ከፊት ደግሞ ካሜራው ወደ እሱ ዞሮ ነበር። ፍሬኑ ገና ስለሚይዝ ለማቆም መርገጥ ብቻ ይበቃው ነበር። አልረገጠም።

ጥቂት ጠመዝማዛ እንደወረዱ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ገባ። ቀጥሎ ፍሬኑ ከእግሩ ሥር እንደ ጭቃ ላላ። ማርሹን ቀነሰ፤ ያ የሚኩራራበት ክብደት ግን ገፋው። የቪዲዮ ቀራጩ ፒክአፕ የያርጋልን ጡሩምባ ሰምቶ ከፊቱ ሸሸ። ከመታጠፊያው በኩል ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ብቅ ሲል፣ ያርጋል የእጅ ፍሬኑን ስቦ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ። መኪናው ቋጥኙን እየፋቀ ሄዶ ቦዩ ውስጥ ቆመ። በሌላው ወገን ገደል ነበር።

አለነ የተሰበረ ክንዱን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። አዲሱ ከረጢት ተቀዶ ሲተነፍስ ይሰማል፤ መኪናው ከነአበባው ቀስ እያለ በአፍንጫው ተደፋ።

ሚዜዎቹ ከሚኒባሱ ወርደው እየሮጡ መጡ። ሕሊና ግን አልጠበቀቻቸውም። በሩን ከፍታ ነጭ ጫማዋን አቧራው ላይ አሳረፈች።

«እግሯን! እግሯን ያዙት!» አሉ ሴቶቹ።

«ረገጥሁት እኮ» አለች። «በሕይወት ያለ ሰው መሬት ይረግጣል።»

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ፍሬኑን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ቬሏን ሰብስባ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ያርጋል ከዚያ ቀን ሁሉ የሚያስታውሰው የአይሱዙውን ጡሩምባ ሳይሆን የዚያን ሚኒባስ በር መዘጋት ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ የመኪና ነገር ብቻ አይደለም። ከመንገድ የሚታየውን ግድግዳ ቀለም እየቀባን ከጓሮ የሚያፈሰውን ጣራ የምንተው ብዙ ነን። ለሰው ዓይን ስንል የምናቆመው ነገር፣ ለነፍሳችን ሲያስፈልገን አይቆምልንም። ደግሞ ከሁሉ የሚከፋው አለማወቅ አይደለም። እያወቁ ዝም ማለት ነው።

መኪናው ተጎትቶ ግቢው ገባ፤ አፍንጫውም መሬት ላይ ቀረ። አንድ ጠዋት የኔታ ባርናባስ ከበሩ ቆሙ። ያርጋል እጁ በቅባት ጠቁሮ፣ የሚሸጠውን ዕቃ ከመኪናው እየፈታ ነበር። ለወፍጮው መነሻ ይሆናል ብሎ ነው።

«ምነው፣ ዛሬም ይሰግዳል?» አሉት ለስለስ ብለው።

ያርጋል ቀና አለ። «ሰግዶ አያውቅም፣ የኔታ። ከመጀመሪያውም ተበላሽቶ ነው። ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት።»

የኔታ ጎንበስ ብለው የመኪናውን አፍንጫ አዩ። «ለእኅትህስ እንዲህ ብለህ ነገርሃት?»

«ገና ነው። ለመልስ ስትመጣ።»

«አትጠብቃት» አሉት ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «አንተ ሂድ። የአዲ አርቃዩ ሚኒባስ ከመናኸሪያ በጠዋት ይነሳል።»