ዝም ያለው ደወል

በፈጠራ ውድድሩ ቀን ጠዋት፣ ልጁ በዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ክንዱን ተንተርሶ እንቅልፍ የወሰደው ነበር የሚመስለው። ከራስጌው ለውድድሩ የሠራው የመርዛማ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ተቀምጧል፤ አየሩ ንጹሕ ነው የሚለው አረንጓዴ መብራት አሁንም በርቷል። በሩ አጠገብ ነዳጁን ጨርሶ የቆመ ጄኔሬተር አለ።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። የሟቹ ጫማ ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። መስኮቱ ዝግ ነው።

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ዝናብ ነበር፤ ጄኔሬተሩን ራሱ ነው ያስገባው» አለ መምህሩ። «ምን ይደረግ፣ የማይሠራ ደወል አምኖ ከነጭሱ ተኛ። በገዛ ስህተቱ ነው የሞተው።»

በሩ ላይ የቆሙት አባት ይህን ሰሙ። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ልጃቸው ሲሸለም ለማየት ሙሉ ልብስ ለብሰው ከሩቅ አገር ነድተው መምጣታቸው ነበር።

«ልጄ» አሏት ኢንስፔክተሯን፣ «መሞቱንስ አየሁት። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የገደለው የራሱ ስህተት ነው?»

«አላውቅም አባባ። ሳላውቅ ግን አልሄድም።»

ደወሉን በሞከረ ቁጥር ግቢውን ስለሚያደነቁረው ጓደኞቹ ሟቹን ፊሽካ ይሉት ነበር። አብሮት የሚሠራው ፒንሳ የተባለው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ይንሰቀሰቃል። የተቀናቃኙ ቡድን መሪ የሆነችው ተማሪ ግን እንባ እንኳ አልወጣትም።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ትናንት ጠዋት ልምምድ ላይ ምንም ሳይኖር ደወሉ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ‹ፊሽካ፣ ዳኛው ጨዋታውን አቆመ እንዴ?› አልኩት። ተናዶ ወጣ። ቀልዴን እኮ ነበር።»

«ከሰዓትስ?»

«ከሰዓት አፋችንን አስያዘን! የመኪና ጭስ የሞላ ፌስታል በሁለት እጁ አቅፎ መጣና ደወሉ ላይ ሲከፍተው ጮኸ፣ ሲዘጋው ዝም አለ። መምህርም መሰላል ላይ ቆመው ባነር በሁለት እጃቸው እያሰሩ፣ ከላይ ‹ጎበዝ!› አሉት።»

«ፒንሳስ?»

«ከኋላ ተቀምጦ ነበር። እጁን ኪሱ ከቶ።»

ኢንስፔክተሯ ደወሉን ይዛ ወጣች። ሞተሩ በተነሳ መኪና ጭስ ማውጫ ሥር ብትይዘው ትንፍሽ አላለም። ካቻቢቴ አስመጥታ ፈታችው። ከዚያም ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ቃሬዛ ላይ ተሸፍኖ መኪናውን ይጠብቃል።

«ጋዙን የሚለየው ዕቃ ተነቅሏል» አለች። «በቦታው በሪሞት የሚታዘዝ ነገር ተበይዷል። ቁልፉን የሚጫን ሰው ከሌለ ይህ ደወል አይጮህም። ተቀናቃኝ ቢሆን ዝም ያሰኘው ነበር እንጂ፣ በሰዓቱ እንዲጮህለት አይለፋም። ይህን የሠራው እንዲያሸንፍ የተመኘለት ሰው ነው። ፊሽካ ራሱ አይደለም፤ የውሸት መሆኑን ቢያውቅ መስኮት ዘግቶ፣ ጫማ አውልቆ ከጄኔሬተር ጋር አይተኛም። ሲጮህም የእሱ ሁለት እጆች ፌስታሉ ላይ፣ የመምህሩም ባነሩ ላይ ነበሩ።» ወደ ፒንሳ ዞረች። «ኪስህ ውስጥ ምን ይዘህ ነበር?»

ፒንሳ ባለበት ቁጭ አለ።

«ሲስቁበት እዚች ጥግ ላይ አለቀሰ። ‹አባቴ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ መሳቂያ ስሆን ሊያይ ነው› አለኝ። ምሳ ሲሄድ ቀየርኩት። ከውድድሩ በኋላ ልመልሰው ነበር። ሲጮህለት አቅፎኝ ‹አየህ፣ ተስተካከለ!› አለኝ። እንዴት አድርጌ ልንገረው?»

ኢንስፔክተሯ መምህሩን አየችው።

«ትናንት ጠዋት ይህ ጄኔሬተር የት ነበር?»

«ለድምፅ ማጉያው ብለን... ከአዳራሹ መስኮት ሥር» አለ መምህሩ።

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር።»

«እንግዲያው ደወሉ አልተሳሳተም። ጭሱ እየገባባችሁ መሆኑን ነው የነገራችሁ። እናንተ ሳቃችሁበት።»

ተማሪዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

«ልጄ ልክ ነበር በይኛ» አሉ አባትየው።

«ልክ ነበር አባባ።»

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አባትየው ወደ ቃሬዛው ሄደው በራስጌ በኩል ያዙና ዞረው ፒንሳን አዩት።

«ና በእግሩ በኩል ያዝልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ያወጣችውን ካቴና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ፒንሳ ተነሣ፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። አባትየው የያዙትን ትተው መጡና፣ እጁን ይዘው የቃሬዛው ብረት ላይ አስቀመጡለት።