የትንፋሽ እፍታ

ጨረቃ ላይ ድምፅ የለም፤ ስለዚህ እታፈራሁ መሰርሰሪያውን የምታዳምጠው በመዳፏ ነው። ዛሬ ግን ጓንቷን ብታስደግፈው ምንም አልተሰማትም። ቀጥ ብሏል።

ምድር ላይ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃና ጭቃ እየተለቀቀ የተፈጨውን ድንጋይ ጠርጎ ያወጣዋል። እዚህ ፀሐይ በማያየው ጥላ ውስጥ ፈሳሽ አይታሰብም፤ ገና ሲለቀቅ ወይ ይተናል ወይ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ከሲሊንደር ጋዝ እፍ እየተባለበት ነው ብናኙ የሚወጣው። አየር ስለሌለ ትንሽ እፍታ ብዙ ብናኝ ታስፈነጥራለች። እንግዲህ ያ ሲሊንደር ሰው ሳያውቅ ሲያፈስ ከርሞ ባዶውን ተገኘ፤ ብናኙም መሰርሰሪያውን ዙሪያውን ጠቅጥቆ ያዘው።

የቀደሙት ጉድጓዶች ሁሉ እንዲህ መሰርሰሪያ ነክሰው ቀርተዋል። ይኸኛውም ለውሃ የሚሆን በረዶ ካላወጣ ጨረቃ ላይ ያለው ሰፈራቸው ይዘጋል፣ ሰዉም ወደ ምድር ይመለሳል። የእታፈራሁ አጥንት ግን እዚህ ኖራ ኖራ ሳስቷል፤ የምድርን ክብደት አትችይውም ብሏታል ሐኪሙ። ለሌላው አገር መግባት ነው፣ ለእሷ ሞት።

የቀረ ጋዝ አንድ ብቻ ነበር፦ የሰዉ ትንፋሽ። ትንፋሽ ሰብሳቢው፣ ማለትም ሰዉ ክፍል ውስጥ የተነፈሰውን አጠራቅሞ መልሶ ንጹሕ አየር የሚያደርገው ማሽን፣ ጋኑ ሙሉ ነው። የማሽኑ ኃላፊ ደሳለው ይባላል፤ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ ጎልማሳ። ጋኑን ለጉድጓዱ እንዲለቅላት ስትጠይቀው ዓይኑን እያሸ ሰማት።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የነገ አየራችን ነው። ከወጣ አይመለስም።"

"እኔስ ወዴት እመለሳለሁ?"

ደሳለው ወደ ጋኑ ሄደ። ቱቦውን እስከ ጉድጓዱ ዘርግቶ ከፈተላት።

ጉድጓዱ ያፈነውን ብናኝ ሽቅብ ተፋው፤ መሰርሰሪያው እያቃሰተ ዞረ፣ በመዳፏ ሰማችው። ብዙም ሳይቆይ የመሰርሰሪያው ጠመዝማዛ ላይ ነጭ ነገር ተጣብቆ ወጣ። ይዘውት ገቡና ድስት ውስጥ አኖሩት፤ ሰዉም ተሰበሰበ። ለማጨብጨብ እንኳ አቅም ያለው አልነበረም።

ነጩ ነገር ጨሰ፣ ጨሰ፣ አለቀ። የድስቱ ቂጥ ደረቅ ነው። የጋዝ መመርመሪያው ምንነቱን ሲናገር አንገታቸውን ደፉ፦ የራሳቸው ትንፋሽ ነበር። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በብርዱ የረጋውን ነው መልሰው ያወጡት።

እታፈራሁ ካለችበት ቁጭ አለችና አለቀሰች። ምድር ላይ ቢሆን የሰውን ትንፋሽ ዛፍ ይቀበለዋል። እዚህ ማን ይቀበል?

ደሳለው ግን ባዶውን ድስት ትቶ የማሽኑን መቁጠሪያ ያይ ነበር። ጢሱ ክፍሉ ውስጥ ነው የጨሰው፤ ማሽኑም ሰብስቦታል፣ የጋኑ መጠን ከፍ ብሏል። ከጉድጓዱ የረጋውን እየፋቁ ካስገቡት፣ የለቀቁት ትንፋሽ ብዙው ይመለሳል ማለት ነው። እፍ ብሎ፣ ፍቆ፣ መልሶ እፍ ማለት ይቻላል፤ መሰርሰሪያውም እንደሆነ ተላቅቋል።

"ተመልሷል እትዬ" አላት። "ይነሱ፣ እንቀጥል።"

ምድር ገላዋን አልቀበልም ብላለች፣ ጨረቃ ግን ትንፋሿን መልሳላታለች። ደሳለው የራስ ቁሯን ይዞ ቆሞ ይጠብቃታል። እታፈራሁ በጣም ደክሟት ነበር፤ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።