አንዴ ብቻ ነው

«አባቴ፣ ልብዎ እንዲህ ሥርዓቱን ስቶ ሲመታ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለች ሐኪሟ።

«አንዴ ብቻ ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው አናጺ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሻሹ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው የልጅ ልጃቸው ከንፈሯን ነከሰች። ቀጭንና ቀጥ ያለች ስለሆነች አያቷ «ሚስማር» ነው የሚሏት። አንዴ ብቻ? እናቷ ያየችውና ዛሬ በግድ ወደ ሐኪም ያስመጣቸው አንዱ ነው። ሚስማር ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይታለች። አንዱ ደረጃ ላይ፣ ሌላው ሥራ ቤት ውስጥ ነበር። ያን ቀን መላጊያው ከእጃቸው አመለጠ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ደረታቸውን ይዘው ጣውላው ላይ ቁጭ አሉ። ሲሻላቸው «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሏት።

«እንደነገሩኝ ያኔ ኃይለኛ ጉንፋን ይዞዎት ስለነበር እሱ ቀስቅሶት ይሆናል» አለች ሐኪሟ። «የሚመላለስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። በእርስዎ ዕድሜ፣ በዚያ ላይ ከደም ግፊት ጋር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንዲወስዱ እመክርዎ ነበር። በሉ ለምርመራ ደም ይስጡና ይመለሱ።»

ኮሪደሩ ላይ ውጤት ሲጠብቁ ሚስማር ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ሸወዷት እኮ!»

«ዝም አይነቅዝም።»

«ግን ስትሮክ አለች።»

«መጋዝ የሚይዝ ሰው ደሙ ቀጥኖ እንዴት ይሆናል? ጣቴን እንጨት በጫረኝ ቁጥር ባልዲ ይዘሽ ልትቆሚልኝ ነው?»

ሳቋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እናትሽ ይሄን ከሰማች ሥራ ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ትደብቀዋለች» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ደግሞ መስኮት ሥር ተቀምጬ አላፊ አግዳሚ መቁጠር አልችልበትም።»

 እውነታቸውን ነው፤ ያለ ሥራ አንድ ቀን ከዋሉ ከቤቱ ሰው ሁሉ ጋር ይጣላሉ። ግን ያ አመድ የመሰለ ፊትም ከሚስማር ዓይን አልጠፋም። ያኔ ውሃ ይዛላቸው ስትሮጥ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሳው ነበር።

ተመልሰው ሲገቡ ሐኪሟ ወረቀቱን አየት አደረገች። «ኩላሊትዎ ደህና ነው። እንግዲህ አንዴ ብቻ ከሆነ…»

«አንዴ አይደለም» አለች ሚስማር። ድምፅዋ ለራሷም ሌላ ሆነባት። «እኔ ሁለቴ አይቻለሁ። እናቴ ያየችው ሦስተኛው ነው።»

አያቷ ዞር ብለው አላዩዋትም። ሐኪሟም አልተቆጣችም።

«ምን አስፈራዎት፣ አባቴ?»

 ሽማግሌው ጠባሳ የሞላውን መዳፋቸውን ዘረጉ። «እንጀራዬ በዚህ ነው።»

«በእጅ መሣሪያ ነው ወይስ በማሽን የሚሠሩት?»

«በሁለቱም።»

«የማሽኑን መጋዝ ለሌላ ሰው ይተውት፤ እሱ ያሳስበኛል። ትንሽ ጭረት ቢሆን ደሙ ለመቆም ይዘገያል፣ አጥብቀው ይያዙት። ከወደቁ፣ በተለይ ጭንቅላትዎን ከተመቱ ግን ምንም ባይሰማዎትም ወዲያው ይምጡ። የሕመም ማስታገሻም ሳይጠይቁኝ እንዳይውጡ። ብቻ ውሳኔው የእርስዎ ነው።»

«ወንበር መሥራት አልከለከልሽኝም?»

«አልከለከልኩም።»

የመድኃኒት ማዘዣውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። መንገዱን ሙሉ ሚስማርን አላናገሯትም። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የእሷን ተናግራለች፤ የቀረው የእሳቸው ነው። እሳቸው ግን በሩን አልፈው ሄዱ። ሚስማር ወደ በሩ ዞር ዞር እያለች ተከተለቻቸው።

ጥቂት እንደተራመዱ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከክ አደረጉ፤ ተመለሱና እሷን ውጭ ትተው ገቡ።

ሲወጡ ትንሽ ፌስታል አንጠልጥለዋል።

«ጠዋትና ማታ ነው» አሉ፣ አሁንም ሳያዩዋት። «እረሳለሁ፤ አስታውሽኝ።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ለእናትሽ የምነግራት ራሴ ነኝ። እንዳትቀድሚኝ!»

«ዛሬ?»

አያቷ ፌስታሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ዛሬ» አሉ።