ጋሽ መርሻ ያልተረጎሙት ድምፅ

ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ሸሕዲ ከተማ ልብስ እየሰፋሁ ስኖር፣ ስለ መንፈስና ስለ ሙት ድምፅ የሚያወራ ደንበኛ ሲመጣብኝ፣ እንዳልሰማው ብዬ የማሽኑን ፔዳል አጥብቄ የምረግጥ ሰው ነበርኩ። እመነኝ ወዳጄ፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልልህም፣ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። ሐጂ ዑስማን የሚባሉ ነጋዴ ከሱዳን፣ ከገላባት ማዶ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ አምጥተው፣ ሰሊጥ በሌለበት ወራት ባዶ የሚቀረውን መጋዘናቸውን ሲኒማ ቤት አደረጉት፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት ጄኔሬተሩ ይነሳና፣ መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኖ፣ በዚያ የቆላ ሙቀት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እናያለን። ብዙ ካሴት ነበራቸው፣ ሰዉ ግን “ያን ደም መጣጩን!” እያለ የሚጮኸው ለአንዱ ብቻ ነበር። የጣሊያን ፊልም ነው፣ ለሲኒማ ሳይሆን ለቴሌቪዥን የተሠራ፣ በየመሀሉ ለማስታወቂያ ጨለም ይልና ይቀጥላል። ደም መጣጩ ጥርሱ የሚነቃነቅ ሽማግሌ ነው፣ የቤት አከራዩን ሴትዮ ይፈራል፣ ካባው በር ላይ ይያዝበታል፣ ሕጉ ደግሞ “ግባ” ካልተባለ ሰው ቤት መግባት አይችልምና በየበሩ ቆሞ ይለምናል። ደሙ የቲማቲም ድልህ መሆኑ ያስታውቃል። እንዴት እንደምንወደው ምን ብዬ ልንገርህ! ውጭ ያለው የሚያስፈራ ነገር አያስቅም ነበራ፣ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሰ ነው፣ በር ሲንኳኳ እናት ልጇን አልጋ ሥር ትደብቃለች፣ እዚያ መጋዘን ውስጥ ግን ፈርተን፣ ጮኸን፣ መልሰን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን።

ከሚያስቀን ግማሹ ጋሽ መርሻ ነበሩ። የትራክተር መካኒክ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ጎንደር አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ቋንቋውን ያውቁታል፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው የደም መጣጩን በቀጭን ድምፅ፣ የአከራይዋን በጎርናና ይተረጉሙልናል። አንድ ልጃቸው ደሳለኝ ከታፈሰ ዓመት አልፎታል፣ ከሰሜን ግንባር አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ “አባባ፣ ተራራው ላይ ብርዱ አይጣል ነው” የሚል፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። እሳቸው ግን ከእሁዱ አይቀሩም፣ “ቤት ብቀመጥ በሩን ሳይ ነው የምውለው” ይሉኝ ነበር።

ነገሩ የሆነበት እሁድ ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ደም መጣጩ አከራይዋ በር ላይ ቆሞ መለመን ጀመረ፣ ጋሽ መርሻም በዚያች ቀጭን ድምፅ፣ “እሜቴ፣ ግባ ይበሉኝ፣ ጉልበቴን አሞኛል” አሉ፣ ሳቅን። ደም መጣጩ እንደገና አፉን ከፈተ። ጋሽ መርሻ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

“ይተርጉሙልና ጋሼ!” አለ አንዱ ከኋላ።

“ምኑን ልተርጉም?” አሉ፣ “በአማርኛ አይደል እንዴ የተናገረው? ‘አባባ ክፈትልኝ፣ በረደኝ’ አለ።”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ የሰማሁት ጣሊያንኛ ብቻ ነበርና። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት፣ እሳቸው አልሳቁም። “የደሳለኝ ድምፅ ነው” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ ቀስ ብለው።

የመጋዘኑ ቆርቆሮ በር የተንኳኳው ያኔ ነው። ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ፣ የተኛ እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው። ለበሩ ቅርብ ስለነበርኩ ተነስቼ እጄን ጫንኩበት፣ በዚያ ሰዓት ያ ቆርቆሮ በፀሐይ ግሎ እጅ የሚልጥ ነው፣ ያን ዕለት ግን፣ እመነኝ፣ ውርጭ እንዳደረበት ድንጋይ እጄን አደነዘዘው። ከፈትኩ። ፀሐይ ብቻ። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ኒም ዛፉ ሥር የተኛው ውሻ ቀና እንኳ አላለም።

“ማን ነው?” አሉ ጋሽ መርሻ።

“ማንም የለም ጋሼ፣ ነፋስ ነው።”

ነፋስ አልነበረም።

ሐጂ ዑስማን ካሴቱን ወደ ኋላ እየመለሱ ሁለቴ አሳዩን፣ “ወላሂ ጣሊያንኛ ነው መርሻ፣ ሙቀቱ ነው” አሉ። ጋሽ መርሻ ሁለቴም አዳመጡ፣ “አዎ፣ በጣሊያንኛ ‘እግሬ ደከመ’ ነው የሚለው” አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሊተረጉሙ አልመጡም። እባብና ጊንጥ በሞላበት አገር፣ የቤታቸውንም በር ዘግተው አላደሩም።

ደርግ የወደቀ ሰሞን የተበተነው ጦር በእኛ በኩል ወደ ሱዳን ይጎርፍ ነበር። ጋሽ መርሻ መንገድ ዳር ጀሪካን ውሃ ይዘው ወታደሩን እያጠጡ ስለ ደሳለኝ ይጠይቃሉ፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው እቆማለሁ። በአራተኛው ቀን እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ አንድ ወታደር፣ ስሙን ሲሰማ ጣሳውን ከአፉ አወረደ።

“ደሳለኝ መርሻ? የሸሕዲው? አብረን ነበርን እኮ! እንዴት ነው?”

“አንተ ንገረኝ እንጂ ልጄ።”

ወታደሩ ግራ ገባው። “እሱማ ቀድሞን ሄደ። ዓመታት አለፉት፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ እሁድ ነው፣ ተራራው ላይ ውርጭ ሲመታን ያደርን ዕለት፣ ሊነጋጋ ሲል ተነስቶ ‘አባቴን አይቼ ልምጣ’ ብሎን ወጣ። አልደረሰም እንዴ?”

ጋሽ መርሻ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ። ወደ እኔ ዞሩ።

“ያን እሁድ የመጋዘኑን በር የከፈትከው አንተ ነህ። እውነት ማንም አልነበረም?”

“ማንም አልነበረም ጋሼ።”

አልዋሸሁም። የበሩ ቅዝቃዜ ግን አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ፣ በኋላም ስንት ጊዜ ልነግራቸው እየሄድኩ፣ ያን ክፍት በራቸውን ሳይ ተመልሻለሁ፣ በሁለተኛው ክረምት ወባ ወሰዳቸው። ብነግራቸው ልጃቸው መሞቱን መናገሬ ይሁን ወይስ መምጣቱን፣ እስካሁን አላወቅሁም።