ስልሳኛው ሳምንት

ይሄ ነገር የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ቻናሉን ለቃችሁ ውጡ፣ እግራችሁን የያዘው የለም። እናንተን ለማሳመን ጊዜ የለኝም።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቀትር።

ቦታው ድሬዳዋ፣ ወደ ሐርላ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ሎጅ። ስሙን አልነግራችሁም።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ጨለማ ካልሆነ የማይፈራ ሰው ድሬን በቀትር አያውቃትም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ሰው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ጫቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም...

የሎጁ ባለቤት ጋሽ ተሰማ ይባላል። ፈጣሪ ገንዘቡን ሰጥቶ ጭንቅላቱን የነሳው ሰው ነው። እንግዶችን ከበሩ ወደ ታች፣ ወንዙ ዳር ወዳሉት ክፍሎች የምታመላልስ አንዲት የጎልፍ መኪና ገዛ። ድሬ ላይ ጎልፍ የሚጫወት አንድ ሰው ጥሩልኝ! ግን ይሁን።

የምትነዳት እህቴ ስምረት ናት።

"ናሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኗ እየሰመጠብኝ ነው" አለችኝ አንድ ቀን። ፈርታ ነበር። "ለጋሽ ተሰማ ስነግረው፣ አዲስ መኪና ናት፣ ከፈራሽ ልቀቂ ይለኛል።"

ደሜ ፈላ። እኔ ናሁሰናይ በባትሪ የሚሄድ ነገር ሁሉ እጠግናለሁ። ሌላው መካኒክ ነኝ ባይ ጎማ ነፊ ነው። በማግስቱ ሄጄ ጋሽ ተሰማን ያዝኩት።

"አዲስ መሆኗን በምን አወቅክ?"

"ሴሪያል ቁጥሯ ላይ አስራ አራት ይላል። የሁለት ሺህ አስራ አራት ናት።"

አይ ጋሽ ተሰማ! ፋብሪካው እንቁጣጣሽን የሚያከብር መስሎታል። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስምንት ዓመት ውጧል። ከፊት ያሉት ፊደሎች ዓይነቷን ይናገራሉ። ቀጥለው ያሉት ሁለት ቁጥሮች ዓመቷን። ከዚያ ያሉት ሁለቱ በዓመቱ በስንተኛው ሳምንት እንደተሠራች። ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፣ ማንበብ ይበቃል።

"እሱም ቢሆን ተለጣፊ ነው" አልኩት። "እውነተኛው ቁጥር ከወንበሩ ስር ብረቷ ላይ ተመትቷል። አሮጊት ሆና ከተገኘች ስምረት አትነዳትም።"

"አሮጊት ከሆነች አቆማታለሁ" አለና ሊተኛ ሄደ።

ስምረትን "እንግዳ መቀበያው ውስጥ ቁጭ በይ፣ ንቅንቅ እንዳትይ" ብያት ወደ መኪናዋ ማቆሚያ ሄድኩ።

ዘበኛው ዲሪር ማቆሚያው ጥግ ተቀምጧል። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

"ዋሪያ... አሁን አትንካት" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ቀትር ነው። በቀትር ባለቤት አላት።"

"ባለቤቷ ተኝቷል።"

"እሱን አላልኩም... ወላሂ እሱን አላልኩም።"

አቦ ተወኝ! መርቅኗል ብዬ አለፍኩት።

እጄን መኪናዋ ላይ አሳረፍኩ።

ቀዘቀዘኝ...

በድሬ ቀትር! ቆርቆሮ ላይ እንቁላል በሚጠበስበት ሰዓት፣ የሷ ብረት ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል። ጥላ ስር ስለቆመች ነው አልኩ። ጥላውም እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር፣ ግን ያን ጊዜ ማን ልብ አለው።

የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። ወንበሩን አነሳሁ። አቧራውን ጠርጌ በስልኬ መብራት አየሁ።

ዓመቱ ዘጠና ስምንት።

ወይ ጉድ! ይቺስ ቅድመ አያት ናት። አሁን ጋሽ ተሰማ የሚገባበት ያጣል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ሳምንቱን አየሁ...

ስልሳ።

እንደገና ጠረግኩት።

ስልሳ።

ዓመት ሃምሳ ሁለት ሳምንት ነው። ስልሳኛ ሳምንት የት አገር ነው ያለው? ቁጥሩን የመታው ሰውዬ ሰክሮ ነው አልኩ።

ያኔ የኋላው ወንበር ጎድጎድ አለ። ባሌስትራው ቀስ ብሎ ወረደ... ሰው ሲቀመጥበት እንደሚወርደው።

ማንም አልነበረም።

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ስምረት ጋ ደወልኩ።

"የት ነሽ?"

"ምን ዓይነት ቀልድ ነው?" ሳቀች። ነፋስ ይሰማል። "ከኋላዬ ቁጭ ብለህ ትደውልልኛለህ?"

"ስምረት... ምን ላይ ነሽ?"

"ጎልፏ ላይ ነኛ! ንጂያት፣ እኔ አለሁልሽ ብለኸኝ የለ? ይኸው ቁልቁለቱን ጀመርን።"

እጄ መኪናዋ ላይ ነው። ገመዷ ተነቅሏል። ሎጁ ያለው መኪና አንድ ብቻ ነው።

"ወደ ኋላ አትዙሪ" አልኳት። "ፍሬን ያዢ! ደደብ፣ ፍሬን ያዢ!"

"ዛሬ እንዴት ለስላሳ ሆንክ እያልኩ ነበር፣ ይኸው ስድቡ ጀመረህ..."

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ።

"ናሁ... ፍሬኑ ሰመጠ። ናሁ!"

በስልኩ ውስጥ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ግው!

እጄ ስር ያለችው መኪናም ዘለለች። ቆማ።

ግው! እንደገና ዘለለች።

ማሰብ አቆምኩ። ገብቼ ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ሰመጠ። ወርጄ አንድ ትልቅ ድንጋይ አንስቼ ከፊት ጎማዋ ስር ታኮ አደረግኩባት፣ በትከሻዬም ገፋኋት። ሞተሯ የጠፋ መኪና እንደ በሬ መልሳ ገፋችኝ። እህቴን እንዳትወስድብኝ እየጮህኩ ለመንኩ፤ ማንን እንደለመንኩ አላውቅም።

በስልኩ ጎማ ተፋጨ...

ከዚያ ዝም።

"ስምረት?"

"ቆመች..." ታለቅሳለች። "የወንዙ ገደል አፋፍ ላይ ቆመች። አዳንከኝ።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ታኮውን..."

"በቃ ስልኩን ዝጋው ናሁ። እጄን ይዘኸኝ ምን ያስደውልሃል?"

አንድ ወንድ "አይዞሽ እህቴ" ሲላት ሰማሁ። የኔ ድምፅ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ማንንም አይዞሽ ብዬ አላውቅም።

ሮጬ ስደርስ ስምረት በዚያው ዓይነት መኪና ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አውርጃት ወንበሩን አነሳሁ። ዘጠና ስምንት። ስልሳ። ስንመለስ፣ ማቆሚያው ጋ ትቻት የመጣሁት መኪናም ታኮዋን ነክሳ እዚያው ቆማለች።

ዛሬ ጋሽ ተሰማ ሁለት መኪና አለው። ሁለተኛዋ ከየት መጣች ብሎ አልጠየቀም! "ስለቴ ሰመረ" አለኝና፣ አሮጊት መሆናቸውን እየነገርኩት፣ ሁለቱንም አስጠርጎ ሥራ አስገባቸው። ሰው ነው ይሄ?

ስምረት ሥራውን ለቀቀች። መትረፏ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ በቀትር ስልኳን አታነሳልኝም።

ትናንት ቀትር ላይ ቤቷ ሄጄ አንኳኳሁ። ከውስጥ ሳቋ ይሰማል። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

"ማነው?" አለ ወንዱ፣ በኔ ድምፅ።

"ማንም አይደለም" አለችው። "ያ ተሳዳቢው ነው።"

መቀርቀሪያው ከውስጥ ተዘጋ...