የዘህራ ቁርቁራ

በጥር ወር ፳፻፲፬ ዓ.ም. ከጂዳ ደቡብ ካሉት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ፣ ግድግዳው ሁሉ በቀይ ቀለም «ኢኽላእ» ተብሎ ተጻፈበት፤ ልቀቁ ማለት ነበር። ጎረቤቱ ፍራሽና ማቀዝቀዣ ሲጭን፣ የወሎው ሰው ሐጂ ጣሂር መጋዝ ይዘው በግቢያቸው ቁርቁራ ሥር ቆሙ። ዛፉን የተከለችው ባለቤታቸው ዘህራ ነበረች፤ እርሷም በኮሮናው ወረርሽኝ ምክንያት መንገድ ሁሉ በተዘጋበት በሚያዝያ ፳፻፲፪ አርፋለች። ታናሽ እኅቷ አዚዛ መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ተቀምጣ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ተከልክላ መርዶውን በስልክ ሰማች፤ «መታመሟን ደብቀውኝ ቀበሯት» ብላ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐጂውን አላነጋገረችም።

ሐጂ ጣሂር ሠላሳ ዓመት በቶርኖ የአልጋ እግር ሲያወጡ የኖሩ ባለ እጅ ናቸው። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ በሰኔ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ አገር መግባት ነው። ከዛፉ ለአዚዛ አንድ ገበቴ ሳያደርሱ ላይሄዱ ማሉ።

ዛፉን ቆርጠው ግንዱን ለሁለት ከፍለው እርጥቡን በቶርኖው ላይ አሰሩት። ውሃው ፊታቸው ላይ እየተረጨ ሆዱን ሲጎደጉዱት፣ መርፌ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ታዩ፤ ከአንዱም ነጭ ትል ወደቀ። እንጨቱን ቶርኖ ቤታቸው ድረስ በመኪናው ያመጣላቸው፣ ቤቱ ከሚፈርሰው ሰፈር ወዲያ ያለው ወዳጃቸው ኢሳያስ ነበር፤ የአውሮፕላን መካኒክ፣ የዐማኑኤል ጽዋ ማኅበርተኛ።

«ሐጂ፣ ይጣሉት፤ ውስጡን ነቀዝ ጨርሶታል» አለ።

«እጥልና ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

ኢሳያስ ሁለቱን ወፍራም ገበቴዎች በላስቲክ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰዳቸው፤ ትሉ እስኪሞትም ሁለት ሳምንት በረዶ ቤት አስቀመጣቸው። ሐጂውንም አብረውት እንዲከርሙ ወሰዳቸው። ከዚያ ሐጂ ጣሂር ጠርዙን ሰም ቀብተው፣ በራሳቸው ፍቅፋቂ ውስጥ በካርቶን ቀበሯቸው፤ እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃልና። የሚፈልገው ጊዜ ከቀራቸው ጊዜ እንደሚበልጥ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ እንቅልፍ አጡ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ካርቶኑን ይከፍታሉ፤ በወጥ ቤቱ ሚዛን ይመዝናሉ፤ ትል ይፍቅ እንደሆነ ጆሯቸውን ይደግናሉ።

«ትናንት መዝነውት የለም እንዴ?» ይላል ኢሳያስ።

«ትናንትማ ትናንት ነው።»

በግንቦት ትዕግሥታቸው አለቀ፤ አንዱን ገበቴ ጣራ ላይ አውጥተው ለፀሐይ ሰጡት። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ከከንፈሩ እስከ ቂጡ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሐጂው አጠገቡ ቁጭ ብለው አመሹ።

ሁለተኛውን ሳይነኩት ቆዩ። የመሄጃቸው ሳምንት ሲደርስ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ተጣሞም እንቁላል መስሎ እያለ፣ ዳግም በቶርኖ አሳስተው ጨረሱት፤ የነቀዙ ቀዳዳ እንዳለ ቀረ። ኢሳያስ ሙስሊም ያልሆነ ከማያልፍበት የመካ ኬላ አደረሳቸው፤ ከዚያ ታክሲ ያዙ።

አዚዛ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

«ዘህራ ከተከለችው ነው» አሉና ገበቴውን ዘረጉላት።

ጣቷን በቀዳዳዎቹ ላይ አስኬደች። «ስንት ቀን ታመመች?»

«ዐሥራ አንድ ቀን።»

«እና ለእኔ አይነገርም?»

«ኢቃማ የለሽም፤ ‹ኬላ ጥሳ ስትመጣ ይይዟታል፣ እንዳትነግርብኝ› ብላ ዘህራ አስማለችኝ፤ ወላሂ። በዘጠነኛው ቀን ግን ጠራችሽ። ያን ጊዜ መደወል ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አዚዛ ገበቴውን እንደ ያዘች ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ብዙ አለቀሰች።

«ምን ብላ ጠራችኝ?»

«አዙዬ።»

በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ከዘህራ በቀር አልነበረም። «ዛሬ አውፍ ብዬ ይቅር አልልዎትም» አለች በመጨረሻ፤ «ግን ይግቡ፤ የቀረውን ሁሉ ይንገሩኝ።»

ሐጂ ጣሂር እስከ መግሪብ ሶላት ነገሯት፤ በሳምንቱም ኮምቦልቻ ገቡ።

የዚያ ዘመን ጋዜጦች የፈረሱትን ሰፈሮች ስምና ሊሠራ የታሰበውን ጎዳና ጽፈዋል፤ የወረርሽኙም መዝገብ ሙታኑን በቁጥር አኑሯል። ዘህራ ከቁጥሩ አንዷ ናት። በዘጠነኛው ቀን ማንን በምን ስም እንደ ተጣራች የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ሲያልፉ የሚያውቅ አይኖርም።