ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ቤት

በግንቦት ሸዋ ሮቢት ላይ እንኳን ሰው ድንጋይም ጥላ ያምረዋል። ያን ማክሰኞ ኢንስፔክተር ናጅዋ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ወደ ጋሽ አብዱረዛቅ ቤት ስትደርስ ገና ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ሸሚዟ ግን ከወዲሁ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። በሩ ላይ ቁም ሳጥን፣ ፍራሽና በርሜል እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ ተገትሯል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል።

«እኔን የሽንኩርት ጭነት ይጠብቀኛል! ዕቃውን የት ላውርደው?»

«ቆይ እንጂ፣ ሰው ሞቷል» አለችው።

«አውቃለሁ፣ አላህ ይዘንላቸው። ግን የት ላውርደው?»

የዕቃው ባለቤት ሐጂራ ጋቢናው ውስጥ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። አሊዩ አምባ የነበረውን ቤቷን ሸጣ ቁልፉን ትናንት ማታ አስረክባለች። ለጋሽ አብዱረዛቅ ቤት ቀብድ ከፍላ፣ ዛሬ ውሉ ተፈርሞ ልትገባ ነበር። ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያልተቆለፈውን በር ገፍታ ስትገባ ሻጩን ሞተው አገኘቻቸው። እንግዲህ የምትመለስበት ቤት የላት፤ የምትገባበት ቤት ደግሞ ሬሳ ተኝቶበታል። ሰፈሩም ዝም አላለም፤ «ገዢዋ ናት» የሚለው ወሬ መናኸሪያውን ሁለቴ ዞሮ ተመልሷል።

ናጅዋ ወደ ክፍሉ ገባች። ሙቀቱ የዳቦ ቤት ምድጃ ነው፤ መስኮቱ ተዘግቷል። ሽማግሌው ጠፍር አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ጋቢ እስከ አገጫቸው ተሸፍነዋል። በአልጋው እግር ላይ የጉንዳን ሰልፍ ሽቅብ ይወጣል።

«ተኝተው የሞቱ ነው የሚመስሉት» አለች።

ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ራሳቸውን ቀና አድርጎ ከማጅራታቸው በላይ ያለውን ስብራት አሳያት። «ጭንቅላቱ የተሰበረ ሰው ተነሥቶ ጋቢ አይለብስም፣ ኢንስፔክተር። ደግሞ ወዲያው አልሞቱም፤ ጥቂት ቆይተዋል። ትናንት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።»

ጓሮው ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍልና ትልቅ የኒም ዛፍ አሉ። አጠገቡ የቧንቧ ውሃና የሲሚንቶ ማጠቢያ አለ፤ የማጠቢያው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተፈትጎ ነጥቷል። ከዛፉ ሥር አራት የሳልሳ ጣሳዎች ውሃ ተሞልተው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ውሃው ላይ ነጭ ጋዝ ጠብ ተደርጎበታል። ናጅዋ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናትና ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፤ ግን ሬሳ ካለበት ቤት አይሳቅም ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

ከግንቡ ወዲያ የመናኸሪያው ጠሪዎች ያለ ዕረፍት ይጮኻሉ፤ «ደሴ! ደሴ! ደብረ ሲና! ደብረ ሲና የቀረ!»

ኮማንደሩ ደወለ። «ሴትዮዋን አምጪያትና እንጨርሰው። ሰው እየተሰበሰበ ነው።»

«እስከ ዙህር ሶላት ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ጣሳ ልቆጥር» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለአለቃዋ እንዲህ ስትመልስ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ለዚህም ነው አምስት ዓመት ሙሉ ኢንስፔክተር ሆና የቀረችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ደላላውን በላይን ነበር። በላይ ብርዳም የደጋ ከተማ የሆነችው የደብረ ሲና ተወላጅ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከገባ ግን ሃያ ዓመቱ።

«ቆላውን ከመልመዴ የተነሣ እናቴን ልጠይቅ ሽቅብ ስወጣ በብርድ ልሞት ነው» አለ፣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት እያወጣ። «ይኸው ረቂቁ። ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ እዚሁ ነው የጻፍነው። ሁሉም ነገር አልቆ ሳለ ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመሩ። ‹የጓሮዋ ክፍል እስክሞት የኔ ናት› አሉ። እሷም እሺ አለች፣ እኔም ጻፍኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን እሷን መኪና አሳፍሬ ሄድኩ።»

«ይህን የጓሮዋን ነገር ማን ያውቃል?»

«ሦስታችን ብቻ። ያልተፈረመ ውል የሚያወራ ደላላ ጦሙን ያድራል። ሌላው ነጥቆት ይሄዳላ!»

«ሽማግሌው ይህን ሁሉ የመናኸሪያ ጩኸት ትተው ዳር መውጣት አልፈለጉም?»

«እኔም ብያቸው ነበር። ‹አርባ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤ ዝም ያለ ቦታ የቆምኩት መኪናዬ ሲበላሽ ብቻ ነው› አሉኝ።»

ናጅዋ ወረቀቱን ተቀብላ ኪሷ ከተተችው፤ ለማንም አላሳየችም።

ሐጂራ ከጋቢናው አልወረደችም። ንግግሯ ቀጥ ያለ ነው።

«እኔ ገደልኳቸው ነው የሚሉት አይደል?»

«የሚሉትን ተይው። ያንን ስለ ጓሮ ክፍል የተስማማችሁትን ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ትናንት ከዚህ ሄጄ እስኪመሽ ዕቃ ስጭን ነበር።»

«ሰፊ ጸጥ ያለ ቤት በዚህ ዋጋ ዳር ላይ ታገኚ ነበር። ለምን እዚህ?»

ሐጂራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አሊዩ አምባ ቤቴ ከሰፈሩ ወጣ ያለ ነበር። ባሌ ልቡን ሲይዘው ጮህኩ፣ ጮህኩ፤ ሰው ሲደርስልኝ እሱ በርዷል። ከዚያ ወዲህ ቤት የምገዛ ከሆነ ሰው መሀል ነው አልኩ። ለጋሽ አብዱረዛቅ ይህንኑ ስነግራቸው ነው ዋጋውን የቀነሱልኝ።»

ቀጥሎ ሰዲቅ መጣ፤ ግንብ ለግንብ ጎረቤት፣ የጁስ ቤት ባለቤት። ናጅዋን በሕፃንነቷ ያውቃታል።

«ከሦስት ቀን በፊት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ፣ ጋሽ ሰዲቅ።»

«ተጣልተናል! ምን እደብቅሻለሁ? ጎረቤት ቁጭ ብሎ ለባዳ ይሸጣል እንዴ ብዬ ጮኼበታለሁ። በማግስቱ ማንጎ ጁስ ላክሁለት፣ ጠጣው፤ በዚያው ታረቅን። እኛ የሰላሳ ዓመት ጎረቤቶች ነን፣ ልጄ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የሱ ቤት ቆጣሪ ከተበላሸ ወዲህ ስልኩን ቀትር ላይ እኔ ጋ ቻርጅ ያደርግና ማታ ይወስዳል። ትናንት ማታ ሊወስደው ሳይመጣ ሲቀር ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ምነው እግሬን አንስቼ ባየሁት ኖሮ!»

«ለዘመድ የደወለው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ለእህቱ ለራቢዓ። ሌላ ወራሽ የለውም። ‹ወንድምሽ አርፏል› ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።»

አራት ሰዓት ላይ እትዬ ራቢዓ ከልጃቸው ከሱፍዋን ጋር ከደብረ ሲና ወርደው መጡ። ሱፍዋን ደብረ ሲና ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። በዚያ ሐሩር ጃኬት ለብሶ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ናጅዋ ሐዘኗን ከገለጸች በኋላ ወደ ኒሙ ጥላ ወሰደችው።

«አጎትህን መቼ ነው ያየሃቸው?»

«ሳምንት አልፎኛል። እኔ እዚህ ብዙም አልመጣም፤ ከመጣሁም ሳይሞቅ እመለሳለሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሱቄ ነበርኩ።» ወደ አይሱዙው በአገጩ አመለከተ። «ምን ትጠይቂኛለሽ? ገዳይዋ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች! እሱ የጓሮዋ ክፍል እስኪሞት ሊኖርባት ነው። ታዲያ ቶሎ መሞቱ ለማን ይበጃል? ለሷ!»

ናጅዋ እግሯ ሥር ያሉትን ጣሳዎች በጫማዋ ጫፍ አሳየችው።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«እኔ እንጃ፤ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናላ» አለ።

ናጅዋ ግቢውን ዞራ አየች። አንዲት ዶሮ የለችም፤ የዶሮ ላባም የለም።

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በላይን፣ ሐጂራን፣ ሰዲቅንና ሱፍዋንን ከነእትዬ ራቢዓ ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ሾፌሩም ሳይጠራ መጥቶ ግንቡን ተደገፈ። ናጅዋ መቆም አልቻለችም፤ ከዛፉ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ ዛፉ ትመላለሳለች።

«ጋሽ ሰዲቅ፣ በላይ፣ እስቲ አልጋውን አውጡልን። እትዬ ራቢዓ ጥላ ላይ ይቀመጡ።»

ሁለቱ ሰዎች ጠፍር አልጋውን ይዘው ወጡ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ሰዲቅ «ወዲህ፣ ትንሽ ወዳንተ» እያለ አራቱን የአልጋ እግሮች በአራቱ ጣሳዎች ውስጥ ቁጭ ቁጭ አደረጓቸው። ልክክ አለ። ሱፍዋን አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው።

«አያችሁ?» አለች ናጅዋ። «ማንም አላዘዛቸውም። እዚህ አገር አልጋ በጣሳ ውሃ ይቆማል፤ ጉንዳን እንዳይወጣ። በላይ እንኳ ሽቅብ ተወልዶ ለምዶታል። እትዬ ሐጂራ፣ አሊዩ አምባስ?»

«እኛም እንዲሁ ነን» አለች ሐጂራ።

«ጋሽ አብዱረዛቅ በዚህ በግንቦት፣ ዙህር ሰግደው ጋደም የሚሉት እዚህ ዛፍ ሥር ነው። ጣሳዎቹ የአልጋውን ቦታ ነግረውኛል። ታዲያ ለምን ቤት ውስጥ ተገኙ? መስኮት ተዘግቶ፣ ጋቢ ተደርቦ፣ ጉንዳን አልጋው ላይ እየወጣ? አልጋውን ያስገባ ሰው ‹ሰው የሚተኛው ቤት ውስጥ ነው፣ በር ዘግቶ፣ ጋቢ ለብሶ› ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ቆላ ውሎ የማያውቅ ሰው። ጣሳዎቹን የዶሮ መጠጫ የሚል ሰው።»

ሁሉም ወደ ሱፍዋን ዞሩ።

«ጣሳ ስላላወቅሁ ነው ገዳይ የምሆነው? ኧረ በአላህ!»

«አይደለም። ጣሳው ደጋ የኖረ ሰው አለኝ እንጂ አንተ ነህ አላለኝም። አንተ ነህ ያልከኝ አንተው ነህ።» ከኪሷ ወረቀቱን አወጣች። «አጎትህ የጓሮዋን ክፍል ለራሳቸው ያስቀሩት ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የሰሙት በላይና ሐጂራ ናቸው። ሐጂራ ከጧት ጀምሮ ፖሊስ አጠገቧ ነው፤ በላይም ከአጠገቤ አልራቀም፤ ወረቀቱም ኪሴ ነበር። ጋሽ ሰዲቅ ሲደውሉ ይህን አያውቁም። ሦስተኛው የሚያውቁት ሟቹ ናቸው። ማን ነገረህ?»

ሱፍዋን ጃኬቱን አወለቀ። «እሱ ራሱ። ትናንት ከሰዓት፣ በስልክ።»

ሰዲቅ ቀስ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተና የሟቹን አሮጌ ስልክ አወጣ። «ይቺ ከትናንት ቀትር ጀምሮ እኔ ጋ ናት፣ ልጄ። ማንም አልደወለባትም፣ ለማንም አልደወለችም።»

ከግንቡ ወዲያ ያሉት ጠሪዎች መጮኻቸውን አልተውም። ሱፍዋን ወደ እናቱ ዞረ።

«እማ፣ ንገሪያቸው! ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ቤት እንደነበርኩ ንገሪያቸው!»

«እናትን እኔ አልጠይቅም» አለች ናጅዋ በፍጥነት። «እትዬ ራቢዓ፣ መመለስ የለብዎትም።»

እትዬ ራቢዓ አልጋው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ድምፃቸው ሲወጣ ቀጭን ነበር።

«ምሳህን አንሥቼልህ ነበር፣ ልጄ። አልመጣህም። እስካሁን እንደተከደነ ነው።»

ያን ጊዜ ሱፍዋን ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለና የሆዱን ዘረገፈው። በመናኸሪያ በር ሱቅ ከፍቶ ሰው እሆናለሁ ሲል የተመኛት ቤት ናት፤ ልትሸጥ መሆኑን ሰምቶ ትናንት ከሰዓት ወረደ። አጎቱ «ለእናትህ ከብሩ ድርሻ እሰጣለሁ፤ ቤቱን ግን ለሴትዮዋ ቃል ሰጥቻለሁ፤ እኔም ጓሮዋ ውስጥ እኖራለሁ» ሲሉት ደሙ ፈላ፣ ገፈተራቸው። በጀርባቸው ማጠቢያው ላይ ወደቁ። ደሙን አጠበ፣ አልጋውን አስገባ፣ አስተኛቸው።

«ልገድለው አልነበረም! ወላሂ ልገድለው አልነበረም!»

ናጅዋ መመላለሷን አቆመች። «ሲወድቁ አልሞቱም ነበር። ስታስተኛቸው ይተነፍሱ ነበር። ከግንቡ ወዲያ መቶ ሰው አለ፣ ሱፍዋን። አንዴ ብትጮህ ይደርሱልህ ነበር። አንተ መስኮት ዘጋህ።»

ሁለት ፖሊሶች ሱፍዋንን ደግፈው አወጡት፤ እናቱ አላዩትም። ናጅዋ ሐጂራን ይጠብቅ የነበረውን ፖሊስ ወደ ጣቢያ ላከችው። ኮማንደሩ ሲደውልም «አለቀ፤ እሷ አይደለችም» ብቻ አለችው።

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል። «እኔስ… የት ላውርደው?»

ውሉ አልተፈረመም፤ ቤቱ አሁን የእትዬ ራቢዓ ነው፤ «አይሆንም» ቢሉ ሐጂራ በርሜሏን ይዛ አውላላ ሜዳ ላይ ናት። እሷም ይህን ስላወቀች ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች።

«የት ትሄጃለሽ?» አሉ እትዬ ራቢዓ።

«እንደዛሬ ባለ ቀን ስለ ቤት ለማውራት እኔ ምን አፍ አለኝ፣ እትዬ?»

«ወንድሜ ቃል ሰጥቷል። የሞተ ሰው ቃሉን አያጥፍም፤ እኔም አላጥፍበትም።» ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «አውርድ።»

ሐጂራ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። አለቀሰች፤ ከጧት ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ሁሉ አለቀሰችው። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ናጅዋ እጅ ውስጥ ያለውን ወረቀት አየች።

«እትዬ ራቢዓ፣ የጓሮዋ ክፍል ውሉ ውስጥ ናት። የወንድምዎን ስም በርስዎ ስም መቀየር ብቻ ነው። እዚያ ደብረ ሲና ከከደኑት ምሳ ጋር ብቻዎን አይሁኑ።»

ሾፌሩ ፍራሹን ማውረድ ጀመረ፤ በላይና ሰዲቅ ቁም ሳጥኑን ተሸከሙ። ከግንቡ ወዲያ ጠሪው ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ «ደብረ ሲና! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው ደብረ ሲና!» እትዬ ራቢዓ ጆሯቸውን ሰጥተው አደመጡት። የደብረ ሲናው መኪና ሞልቶ እስኪሄድ ድረስ ከአልጋው ላይ አልተነሡም።